ያገለገለ ራቼት ስትገዙ ጥርሱን አዳምጡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱንን ጥያቄዎች ለይተን አንድ ላይ መልሰናል። ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከአቃቂ ቃሊቲ የመጡት ሁሉ የሚያነሱት ስለ አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም ቡሶላውን (የብሎኑን ራስ የሚውጠውን ክብ ብረት) ከብሎኑ ላይ ሳያነሱ ወዲህና ወዲያ በማለት ብቻ የሚያሠራው፣ ሲመለስ «ጠ-ጠ-ጠ» የሚለው ራቼት ነው። አንድ ሁለት የቅርብ ዘመዶቹም ተካተዋል።

«ጋራዥ ከገባሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። እስካሁን በሰው መሣሪያ ነው የምሠራው። አዲስ የመግዛት አቅም ስለሌለኝ ምናለሽ ተራ ሄጄ ያገለገለ ራቼት ልገዛ አስቤያለሁ። ደህናውን ከተበላሸው በምን ልለየው?» ተለማማጅ መካኒክ፣ ከገላን

ወንድማችን፣ ክሮሙ ሲያብረቀርቅ ዓይንህን እንዳይወስደው። የራቼት ዕድሜ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እዚያ ጥርስ ያለው ክብ ማርሽ አለ። ማርሹን የሚነክስ ትንሽ ብረት አለ፤ ከዚህ በኋላ ምላስ እንለዋለን። ምላሱን ገፍቶ ከማርሹ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ሞላም አለ። ከሦስቱ አንዱ ካለቀ፣ ስትስበው ይዞ ቆይቶ መሀል ላይ ይለቅሃል። ጉልበትህን ሁሉ ስለሰጠኸው ጡጫህ የሚያርፈው ራዲያተሩ ወይም የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነው።

ስትሄድ በራቼቱ ልክ የሆነ 19 ቁጥር ቡሶላ፣ ጭንቅላቱ 19 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ብሎንና ጠመኔ ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ምንም ሳታስርበት ወደ ጆሮህ አስጠግተህ ቀስ ብለህ አዙረው። ድምፁ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከደከመ ወይም ከዘለለ እዚያ ላይ ጥርሱ ተሰብሯል ወይም ቆሻሻ ተጋግሮበታል። ቀጥለህ ቡሶላ የሚገባበት አራት ማዕዘን ጫፍ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና አንድ ሙሉ ዙር እስኪሞላ ድምፁን ቁጠር፤ የምታገኘው የጥርሱን ቁጥር ነው። 24 ጥርስ ያለው ቢያንስ 15 ዲግሪ፣ 36 ያለው 10 ዲግሪ፣ 72 ያለው ደግሞ 5 ዲግሪ ብቻ መወዝወዝ ይፈልጋል። ሁለት ምላስ ተራ በተራ የሚነክስባቸውም ስላሉ የቆጠርከው ድምፅ የጥርሱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ በበዛ ቁጥር ጠባብ ቦታ ላይ ይመቻል፤ ግን ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ አሸዋና ደረቅ ግራሶ ቶሎ እንዲስት ያደርጉታል። ለጭቃ ሥራ፣ ለጭነት መኪና ሆድ፣ ትልልቅ ጥርስ ያለውን እንመርጣለን።

ዋናው ፈተና ጭነት ነው። ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ያለው ጎረቤት ሱቅ አይጠፋም፤ ብሎኑን በሞርሳው አስረህ ራቼቱን ወደ አንተ ሳበው። ያዘ ማለት አልፏል ማለት አይደለም። ለቅቀህ ሁለት ጥርስ አሳልፈህ እንደገና ሳብ፣ እንዲህ እያልክ ዙሩን በሙሉ ጨርስ። ከዚያ የአቅጣጫ መቀየሪያውን ገልብጠህ በሌላው አቅጣጫም ድገመው። የዛገ ብሎን የሚጨክነው በመፍቻው በኩል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያልቀው የምላሱ ጎን የመፍቻው ነው። ሻጭ ደግሞ የሚያሳይህ ደህናውን ጎን ነው። ስትፈትሽ ሁልጊዜ ሳብ እንጂ አትግፋ። መግፋት የግድ ከሆነብህ በተከፈተ መዳፍ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። አራት ማዕዘኑን ከፊት ለፊት ተመልከተው፤ ማዕዘኖቹ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው ካልወረዱና ከተጠማዘዙ እጀታው ላይ በተጨመረ ቱቦ ተሠቃይቷል፣ ተወው። ጎኑ ላይ ያለችው ኳስ ተጭና የምትመለስ፣ ቡሶላውንም ቁልቁል ይዛ የምታስቀር መሆን አለባት። መቀየሪያው ስትስብ በራሱ የሚገለበጥ ከሆነ አትግዛ። እጀታው ላይ የብየዳ ምልክት ወይም ሰማያዊ ቀለም ካየህ ብረቱ በእሳት ስለተነካ ጥንካሬውን አጥቷል። ክሮሙ በየቦታው የተላጠውም እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

የመጀመሪያ ራቼትህ 3/8 (አራት ማዕዘኑ የኢንች 3/8 የሚሰፋው) ቢሆን ደስ ይለናል። በከተማችን በብዛት ያሉት የጃፓን መኪኖች ላይ አብዛኛውን ቀን የምትፈታው 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ብሎን ስለሆነ በእሱ ትሠራለህ። 1/2ኛውን ለ17፣ ለ19 እና ለ21 ቀስ ብለህ ትጨምራለህ።

«አባታችን ትተውልን ያለፉት የመሣሪያ ሳጥን አለ። አንዱ ራቼት ላይ 12.5 ይላል፣ ሌላው ላይ 1/2። ቡሶላዎቹ ላይ አንዳንዱ ሙሉ ቁጥር፣ አንዳንዱ ክፍልፋይ አለው። አንዱ ላይ የራሽያ ፊደል አለ። የትኛው ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ከለገጣፎ

12.5 እና 1/2 አንድ ናቸው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነውና ግማሹ 12.7 ይሆናል። አይኤስኦ 1174 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ይህን ልክ በአጭሩ 12.5 ብሎ ይጠራዋል። እንዲሁም 6.3 የተባለው 1/4፣ 10 የተባለው 3/8፣ 20 የተባለው 3/4፣ 25 የተባለው 1 ኢንች ነው። ስለዚህ «10» የሚል ራቼት ቢያዩ የ10 ቁጥር ብሎን መፍቻ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ። በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ሲለኩት ባለ1/2ው ራቼት አራት ማዕዘን ከ12.7 እምብዛም መውረድ የለበትም፤ ከ12.5 በታች ከሆነ ተበልቷል፣ ቡሶላውንም ይዞ ያበላሻል።

ቡሶላ ላይ ሙሉ ቁጥር ሚሊ ሜትር፣ ክፍልፋይ ደግሞ ኢንች ነው። ኢንቹን አይጣሉት። 5/16 ከ8 ጋር፣ 3/4 ደግሞ ከ19 ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆኑ ያለ ሥጋት ይሠራሉ። 9/16 ግን 14.3 ስለሆነ 14 ላይ ይላላል፣ 1/2ም 12.7 ስለሆነ 13 ቁጥር ብሎን ላይ አይገባም፤ በመዶሻ አስገድደው የሚያስገቡ ሰዎች ቡሶላውን ይሰነጥቁታል። የኢንች ስብስብ ዋናው ቦታው የቆዩ ላንድሮቨሮችና ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ናቸው። ከክፍልፋዩ አጠገብ የእንግሊዝኛው «ደብሊው» ፊደል ያለበት ካገኙ የዊትዎርዝ (የድሮ የእንግሊዝ ብሎን ልክ) ነው። የዚህ ቁጥር የሚናገረው የብሎኑን እግር ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አይደለም፤ የ1/2 ዊትዎርዝ ብሎን ራስ ወደ 23.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

የራሽያ ፊደል ያለውን በደንብ አጽድተው ይዩት። አምስት ማዕዘን ውስጥ የተጋደመ «ኬ» የሚመስል ምልክት ካለው የሶቪየት መንግሥት የጥራት ምልክት ነው። ምልክቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1967 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዕቃው ከዚያ ወዲህ፣ ሶቪየት ኅብረት ከመፍረሷ በፊት የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ላይ የያኔው የሩብልና የኮፔክ ዋጋ ሳይቀር ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። መልካቸው ሸካራ ነው፤ በጥንካሬ ግን የሚናቁ አይደሉም።

ስለ ስም አንድ ነገር እንጨምር። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ የብረቱን ዓይነት ይናገር እንጂ ለጥራት ዋስትና አይሆንም፤ ርካሹም ላይ ይጻፋል። በአንጻሩ ሃዜት፣ ጌዶሬ፣ ስታህልቪለ፣ ፋኮም ወይም ስናፕ-ኦን የሚል ስም ከነሞዴል ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ ያንን ቁጥር መዝግበው ይያዙ። እነዚህ ፋብሪካዎች ለብዙ ራቼቶቻቸው የውስጡን ማርሽ፣ ምላስና ሞላ ለብቻ ስለሚሸጡ፣ ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለዎት የሞተውን ራቼት ማስነሳት ይቻላል። የስሙ ዋጋ እኛ ዘንድ ይኸው ነው።

«አይሱዙ አለኝ። ረዳቱ የግራውን የኋላ ጎማ ሊፈታ 1/2 ራቼት ላይ ቱቦ ጨምሮ ሲጫን ራቼቱ ተሰበረ። ራቼቱ ያገለገለ ስለነበር ይሆን?» ባለንብረት፣ ከሰበታ

እህታችን፣ አዲስም ቢሆን ይሰበር ነበር። ሒሳቡን እንየው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል ወደ 147 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ይወጣል። በ1 ሜትር ቱቦ ያው ሰው 588 ኒውተን ሜትር ያወጣል። ባለ1/2 ራቼት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚፈተሸው 500 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ 3/8ኛው 200፣ 1/4ኛው ደግሞ 60 አካባቢ። ቱቦው የጨመረው ጉልበት በሙሉ ያረፈው ሁለት ሦስት ደቃቅ ጥርሶች ላይ ነው። ራቼት የተፈታን ብሎን ቶሎ ለማውጣት እንጂ የተጣበቀን ለማላቀቅ አልተሠራም። ለማላቀቅ ጥርስ የሌለው ወፍራም ዱላ ቁልፍ፣ ለጭነት መኪና ጎማ ደግሞ 3/4 ወይም 1 ኢንች ያስፈልጋል።

ሌላ ጉዳይም አለ፤ ምናልባት የበለጠ አስፈላጊው እሱ ነው። የጃፓን አሠራር በሚከተሉ አይሱዙዎች ላይ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች ግራ ዙር ናቸው፤ የሚፈቱት ሌላው ብሎን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ረዳቱ በለመደው አቅጣጫ ተጭኖ ከሆነ እያጠበቀው ነበር። የብሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይዩ፤ «ኤል» ፊደል ካለበት ግራ ዙር ነው። አዳዲስ ሞዴሎች በሁለቱም በኩል ቀኝ ዙር ሊሆኑ ስለሚችሉ በግምት አይሥሩ። ኋላ ጥንድ ጎማ ላይ የውጩ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀው ባለ ቀዳዳ ብረት) 41፣ የውስጡ አራት ማዕዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ 21 ነው። መጀመሪያ የውጩ ይፈታል፤ የውስጡ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

«ከቁራሌው የገዛሁት ራቼት ዝጓል፣ ጥርሱም ይስታል። ከፍቼ ላድሰው እችላለሁ?» ከቡራዩ

ይችላሉ፤ ከሚስቱት ራቼቶች ብዙዎቹ የሚስቱት በቆሻሻና በግራሶ እንጂ በስብራት አይደለም።

ከጀርባው ሁለት ብሎን ያለበት ክዳን ወይም ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ክፍት ቀለበት ያያሉ። ከመንካትዎ በፊት መቀየሪያው ወደየት እንደሆነ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ እጅዎንም ራቼቱንም ሰፋ ባለ ነጭ ፌስታል ውስጥ አስገብተው ይክፈቱት። ይህን የምንለው ከምላሱ ጀርባ ያለው ሞላና ከምስር ፍሬ የማትበልጠው ኳስ ክዳኑ ሲላቀቅ ዘለው ስለሚጠፉ ነው፤ ጠፍተው ከቀሩ ራቼቱ የድንጋይ ያህል ዋጋ የለውም። እያንዳንዱን ዕቃ ስታወጡት በነበረበት አኳኋን ጨርቅ ላይ በተርታ ደርድሩት።

ሁሉንም በላምባ ወይም በናፍጣ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። ዝገቱ የበረታው የውጭው አካል ላይ ከሆነ አካሉን ብቻ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት መንከር ይቻላል፤ ከዚያ በሶዳ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወዲያው ዘይት ይቀባል። ሞላውን፣ ምላሱንና ማርሹን ግን አቼቶ ውስጥ አይክተቱ፤ አሲድ ጠንካራ ብረትን ከውስጥ ስለሚያሰባብረው በኋላ በጭነት ይሰነጠቃሉ። በእሳት ማሞቅም አይሆንም።

አሁን ምላሱን ወደ ብርሃን አቅርበው የጥርሱን ጫፍ ይዩ። ደህናው ጥርስ ጫፉ ስለታም ነው፤ ያለቀው ክብ ሆኖ ያብለጨልጫል። ጫፉ ላይ የተጣጠፈ ብናኝ ብረት ካለ በደቃቅ ሞረድ ያንሡት፣ ጥርሱን ራሱን ግን በግራይንደር ልቅረጸው አይበሉ። ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ምላሶች አሉ። እነዚህን ገልብጦ በማስገባት ያለቀውን ጎን ከመፍቻው ወደ ማጥበቂያው ማዞር ይቻላል፤ ለቀላል ሥራ ዓመታት ያገለግላል። የማርሽ ጥርስ ከተሰበረ ግን መፍትሔው የፋብሪካ መለዋወጫ ብቻ ነው።

ሞላው ከደከመ ሰዉ ቶሎ የሚሄደው ወደ እስክርብቶ ሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ አይሆንም። የሞላ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ሌላው እንዳለ ሆኖ ሽቦው በእጥፍ ቢወፍር ሞላው 16 እጥፍ ይጠነክራል። የእስክርብቶው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ምላሱ በስንፍና ይነክስና ጭነት ሲመጣ ይዘላል። የላይተር ድንጋይ የሚገፋው ሞላ ይሻላል። ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይዘው በልኩ ይቁረጡት፤ ሲያሳጥሩት እየጠነከረ እንደሚሄድ ግን ያስታውሱ። ከጠነከረ ደግሞ ራቼቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ብሎኑን ይዞት ይመለሳል፣ ሥራውም አይራመድም።

ሲገጥሙት የመኪና እግር ግራሶ አይሙሉበት። ይህ ስሕተት በየጋራዡ አለ። ወፍራም ግራሶ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት ይረጋና ምላሱን ከማርሹ አርቆ ይይዘዋል፤ ስትስቡት ጥርስ ለጥርስ ሳይገባ ጫፍ ለጫፍ ተያይዞ ይለቃል፣ ጫፉንም ይበላዋል። ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ወይም የምስር ፍሬ የምታህል ለስላሳ ግራሶ ለመላው ጭንቅላት በቂ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ማርሹ በጣት ግፊት ብቻ መዞር አለበት። ካልዞረ ብሎኖቹ ከመጠን በላይ ጠብቀዋል ወይም አንድ ዕቃ ተገልብጦ ገብቷል።

«ቀለበቱ ውስጥ ራቼት ያለው ቁልፍ ገዛሁ። አንድ ብሎን ስፈታ ቁልፉ ብሎኑና ቻሲው መሀል ተቀርቅሮ ቀረ፤ ወደ ኋላም አይመልስም። ምን ተሳሳትኩ?» ከሱሉልታ

መቀየሪያ የሌለው ዓይነት ነው የገዙት። አቅጣጫው የሚቀየረው ቁልፉን አውጥቶ በመገልበጥ ነው፤ ብሎኑ እየወጣ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ሲያጣብቀው ግን ማውጣት አይቻልም፣ መመለስም አይቻልም። አሁን መውጫው ከብሎኑ በስተጀርባ በኩል ነው። ዳዶው በሌላ ቁልፍ የሚደረስበት ከሆነ ከዚያ በኩል ያዙሩ፤ ካልሆነ ፊት ለፊት ያለውን ዕቃ ማንሳት ግድ ነው። ለወደፊቱ ከመጀመርዎ በፊት ብሎኑ የሚወጣበትን ርዝመት ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር ያስተያዩ። ጠባብ ከሆነ በራቼቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ፈትተው በክፍት አፍ ቁልፍ ይጨርሱ። ያገለገለ ሲገዙ ትንሽ መቀየሪያ ያለውን ይምረጡ። ጭንቅላቱ ቀጭን ስለሆነ የመጀመሪያውን ማላቀቅ በሌላው ጫፉ ወይም በተራ ቀለበት ቁልፍ ያድርጉ።

«የማጥበቂያው ጉልበት ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል ያገለገለ ቶርክ ቁልፍ አግኝቻለሁ። ልክ መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ ማወቅ ይቻላል?» ከአቃቂ ቃሊቲ

በጀሪካን ይቻላል። ከቁልፉ አራት ማዕዘን መሀል እስከ እጀታው መጨበጫ መሀል ያለውን ርዝመት ይለኩ፤ ለምሳሌ 42 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጀሪካን ላይ ውሃ ሞልተው ሚዛን ላይ ከነጀሪካኑ ልክ 25 ኪሎ እስኪሆን ያስተካክሉ። አራት ማዕዘኑን በሞርሳ አስረው፣ ቁልፉን አግድም ይዘው፣ ጀሪካኑን በገመድ መጨበጫው መሀል ላይ ቀስ ብለው ያንጠልጥሉ። 25 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ0.42፣ ወደ 103 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ለቶዮታ ኮሮላ ጎማ ዳዶ የተደነገገው ልክ ነው። የቁልፉ የራሱ ክብደት 3 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ቁልፉን 95 ላይ ሲያስተካክሉት ቀጭ ማለት አለበት፤ 115 ላይ ሲያስተካክሉት ጸጥ ማለት አለበት። ፈተናውን አምስት ጊዜ ይደጋግሙት፤ አንዴ ብሎ አንዴ ዝም የሚል ቁልፍ ከተሳሳተ ቁልፍ የባሰ ነው። ጀሪካኑን ጥለው አይልቀቁ፣ ንዝረቱ ያሳስታል። በተቃራኒው አቅጣጫ ብሎን አይፍቱበት፣ ሥራ ሲጨርሱም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት። አይኤስኦ 6789 ለእንዲህ ዓይነቱ ቁልፍ ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ የሚፈቅደው ስሕተት 4 በመቶ ነው። የጀሪካን ፈተና እዚያ ድረስ አያደርስም፤ ለሞተር ራስ የሚጠቀሙበት ከሆነ ትክክለኛ መለኪያ ባለበት ቦታ ያስመርምሩት።

«የሚያብለጨልጩትን ቡሶላዎች በኮምፕሬሰር ሽጉጥ (በአየር ግፊት ብሎን የሚፈታው) ላይ መጠቀም ይቻላል?» ከገላን

አይቻልም። ባለክሮሙ ቡሶላ ለእጅ ሥራ ተብሎ ስለጠነከረ የሽጉጡን ድብደባ አይችልም፤ ይሰነጠቅና ፍንጣሪው ወደ ዓይን ይመጣል። ለሽጉጥ የሚሆነው ጥቁሩና ግድግዳው ወፍራም የሆነው ነው። ያገለገለ ጥቁር ቡሶላ ሲገዙም አፉን በብርሃን ዞር አድርገው ይዩ፤ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ካለች ይመልሱለት።